ናስ «የራፐሮች ሁሉ ታላቅ» ሊባል ይገባዋልን?

የዚህ ጽሑፍ መነሻ አንድ የተማሪዎች ክርክር ነው። በያዝነው የትምህርት ዘመን መጀመሪያ ላይ ከእራት በኋላ ጥቂት ሆነን ስንጨዋወት «ከራፐሮች ሁሉ የሚበልጠው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ከመካከላችን አንዱ ሳያመነታ «ናስ ነው» አለ። ሌላው ሣቀና «በሃያ ዓመቱ አንድ ጥሩ ሸክላ አውጥቶ ሠላሳ ዓመት በዚያው ስም የኖረውን ሰው ነው የምትለን?» ሲል መለሰለት። ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ዘለቀ፤ መኝታ ቤቱም በሁለት ወገን ተከፈለ። እኔ በዚያ ምሽት ከሣቀው ወገን ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ግን የሰውየውን ሥራዎች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራ ሳዳምጥ ሐሳቤ ተለወጠ። የተለወጠበት ምክንያት ግን «ናስ ነው» ያለው ጓደኛችን ያቀረበው ምክንያት አይደለም፤ የእርሱ ምክንያት ዛሬም ደካማ መስሎ ይታየኛል። ይህን ለማስረዳት ስል ጉዳዩን በዚህ መጽሔት አንባቢዎች ፊት ላቀርበው ደፈርሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን፥ «ሸክላ» የምለውም በአንድነት ተሰብስቦ የወጣውን የዘፈን አልበም መሆኑን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ።

«የዘመናት ሁሉ ታላቅ» የሚለው ማዕርግ ከቡጢ ሜዳ የመጣ ነው። መሐመድ ዓሊ ስለ ራሱ ሲናገረው የኖረውን ቃል፥ ከኒው ዮርክ ቀደምት ራፐሮች አንዱ የሆነው ኤል ኤል ኩል ጄ በ2000 ላወጣው ሸክላ ርእስ አደረገው። የአራቱ እንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት ሲገጣጠሙ «ፍየል» የሚል ቃል ስለሚሰጡ፥ ዛሬ ወጣቶች የሚያደንቁትን ዘፋኝ ወይም ኳስ ተጫዋች «ፍየል» ብለው ይጠሩታል። በእኛ አገር ሰውን ፍየል ማለት ምስጋና ሆኖ አያውቅም፤ ይህ ግን ለሌላ ጽሑፍ ይቆየን። ለእኛ የሚጠቅመው ነጥብ፥ በቡጢ ግጥሚያ ዳኛና ደወል አለ፤ በመጨረሻም አንዱ ይወድቃል። በዘፈን እንዲህ ያለ ነገር ስለሌለ፥ ማዕርጉን የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ በምን እንደሚለካ መናገር ግዴታው ነው። በዚያ ምሽት ከሁለቱም ወገን ይህን ያደረገ አልነበረም።

ብዙ ሰዎች ነገሩን በቍጥር ሊጨርሱት ይሞክራሉ። በቍጥር ከሆነ ናስ ገና ከመግቢያው ይሸነፋል። «ኢልማቲክ» የተባለው የመጀመሪያ ሸክላው በኤፕሪል 1994 ሲወጣ በአሜሪካ የሽያጭ ሠንጠረዥ ላይ ያገኘው ቦታ 12ኛ ነበር። ግማሽ ሚሊዮን ለመሸጡ ምስክር ያገኘው በ1996፥ ለአንድ ሚሊዮኑ ደግሞ በ2001 ነው። ታላቁን የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት ግራሚን፥ ብዙ ጊዜ ታጭቶ ሲቀር ከኖረ በኋላ፥ የመጀመሪያውን ያገኘው በ2021 ነው። ተቀናቃኙ ጄይ ዚ ግን 14 ሸክላዎቹን ከሠንጠረዡ አናት ላይ አውጥቷል፤ በ2017 ከራፐሮች መካከል የመጀመሪያው ሆኖ በዘፈን ደራስያን የክብር መዝገብ ገብቷል። ኤም ቲ ቪ በ2006፥ ቢልቦርድና ቫይብ በ2023 ባወጡት የታላላቆች ዝርዝር አንደኛ ያደረጉት ይህንኑ ጄይ ዚን ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ ያሉት ዝርዝሮች ሽያጭን፥ ዝናን፥ ችሎታን፥ በሌሎች ላይ ያደረሱትን ተጽዕኖ በአንድ ማሰሮ ቀቅለው ቍጥር ያወጣሉ። ከማሰሮው የወጣው የትኛው እንደ ሆነ ግን አይነግሩንም።

እኔ የምለካበት ነገር አንድ ነው። ራፕ ከዚህ ሰው በፊት ሊናገረው የማይችለውን ነገር፥ ከእርሱ በኋላ እንዲናገር ያደረገ ማን ነው? በዚህ መስፈሪያ ሲለካ ሙግቱ መልኩን ይለውጣል።

ናስ፥ በሙሉ ስሙ ናሲር ጆንስ፥ የተወለደው በሴፕቴምበር 14 ቀን 1973 ነው። የሂፕ ሆፕ መነሻ ተብሎ የሚከበረው ደግሞ በዚያው ዓመት በኦገስት 11 ቀን፥ ዲጄ ኩል ሄርክ እኅቱ ባዘጋጀችው ግብዣ ላይ በብሮንክስ ሸክላ ያጫወተበት ምሽት ነው። እንግዲህ ሰውየውና ጥበቡ የአንድ ወር ልዩነት ያላቸው እኩዮች ናቸው። ያደገው ኩዊንስብሪጅ በተባለው፥ በ1939 በተከፈተውና ከሦስት ሺህ በላይ መኖሪያዎች ባሉት የኒው ዮርክ የመንግሥት ቤቶች መንደር ውስጥ ነው። ቤቶቹ ባለ ስድስት ፎቅ ናቸው፤ በአንድ አደባባይ ላይ የሚሆነውን ነገር ከብዙ መስኮት ማየት ይቻላል። ይህን የመስኮት ነገር አንባቢ እንዳይዘነጋው አደራ እላለሁ፤ በኋላ እመለስበታለሁ። መንደሩ ማርሊ ማርልን የመሰሉ የሙዚቃ አቀናባሪዎችን ቀድሞ ያፈራ ስለ ነበር ልጁ ያደገው የጥበቡ ምንጭ አጠገብ ነው። አባቱ ኦሉ ዳራ ከሚሲሲፒ የመጣ የጃዝ ኮርኔት ነፊ ነበር። ናስ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ወጣ። የልጅነት ጓደኛው በ1992 በጥይት ተገደለ።

«ኢልማቲክ» መግቢያውን ጨምሮ ዐሥር ክፍሎች ብቻ ያሉት፥ አርባ ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው። ሙዚቃውን ያቀናበሩለት ዲጄ ፕሪሚየር፥ ፒት ሮክ፥ ላርጅ ፕሮፌሰር፥ ኪው ቲፕና ኤል ኢ ኤስ ናቸው፤ ለአንድ ጀማሪ ልጅ እንዲህ ያሉ ጌቶች መሰብሰባቸው በዚያ ዘመን ያልተለመደ ነበር። ዘ ሶርስ የተባለው መጽሔት ሙሉውን አምስት ማይክራፎን ሰጠው፤ በ2021 የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ እንዲጠበቁ ከመረጣቸው ድምፆች መካከል አስገባው። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲም በ2013 በናስ ስም የሂፕ ሆፕ ጥናት ድጎማ አቋቁሟል። ይህ ሁሉ የታወቀ ነው። ጓደኛችንም በዚያ ምሽት የዘረዘረው ይህንኑ ነበር። የእኔ ጥያቄ ግን ሥራው ተመሰገነ ወይስ አልተመሰገነም ሳይሆን በውስጡ ምን አለ የሚለው ነው።

«ኤን ዋይ ስቴት ኦቭ ማይንድ» የተባለውን ዘፈን እንውሰድ። ፕሪሚየር እንደ ተረከው የመጀመሪያው ክፍል የተቀዳው በአንድ ትንፋሽ፥ ያለ ማቋረጥ ነው፤ ልጁ ከየት እንደሚጀምር እንደማያውቅ ሲያጕረመርም ይሰማና ድንገት ይፈስሳል። ታሪኩ የተኩስ ታሪክ ነው። ተናጋሪው ይተኵሳል፤ መሣሪያው ይነክስበታል፤ ሮጦ ወደ አንድ ሕንፃ መግቢያ ይገባል። በዚያን ጊዜ የነበረ ሌላ ራፐር ቢሆን ኖሮ ከዚህ በኋላ ስለ ጀግንነቱ በፎከረ ነበር። ናስ ግን የሚያሳየን መግቢያው በሕፃናት ተሞልቶ መገኘቱን ነው። ከዚያም ልጆቹ እርሱ ካለበት ከፍታ ላይ ያለውን ማየት እንደማይችሉ ይናገራል። «ከፍታ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ቁመትንም ስካርንም ስለሚያመለክት፥ ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አስተርጓሚ አያሻውም። ሰሙ ረጅም ሰውና አጫጭር ልጆች ናቸው። ወርቁ፥ በዕፅ የናወዘ ነፍሰ ገዳይ ገና በንጽሕና ካሉት መካከል መቆሙ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ልጆቹን ማየቱ ነው። ሞት ያሳደደው ሰው ዙሪያውን ለማየት ጊዜ የለውም፤ ዘፈኑ ግን ያያል። ቤት አመታቱም እንዲሁ አይዘናጋም፤ በስንኙ መጨረሻ ብቻ ሳይሆን በመካከሉም ሦስትና አራት ጊዜ እየመታ ይሄዳል። ሆኖም ቤት ለመምታት ሲል እውነቱን ሲያጣምም አይገኝም።

ሁለተኛው ምሳሌ «ዋን ላቭ» ነው። ይህ ዘፈን ወኅኒ ቤት ላሉ ጓደኞች የተጻፈ ደብዳቤ ነው። በደብዳቤ መልክ መዝፈን አዲስ ነገር አይደለም፤ የእኛም ዘፋኞች ስንት ደብዳቤ ልከዋል። ነገር ግን የፍቅር ደብዳቤ የጸሐፊውን ልብ ሲያስረዳ፥ ይህኛው የሚነግረን የተቀባዩን ሕይወት ነው። እስረኛው የማያየውን ልጁን፥ እርሱን የዘነጉትን ጓደኞች፥ ከሄደ በኋላ የተገደሉትን፥ የእናቱን ሐዘን፤ የሰፈር ወሬ የሚመስለው ሁሉ ለእስረኛው ሕይወት ራሷ ናት። በመጨረሻው ክፍል ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጦ ወደ ውጭ ይወጣና የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ያገኛል። ልጁ ወኅኒ ቤት ያሉት የሄዱበትን መንገድ ጀምሯል። ተናጋሪው ይመክረዋል፤ ልጁ ይስማ አይስማ አይነገረንም። እዚህ ላይ ስብከት ቢጨምርበት ኖሮ ዘፈኑ በተበላሸ ነበር። በሃያ ዓመት ልጅ ዘንድ ይህን ያህል ራስን መግታት ከየት እንደ መጣ ለማስረዳት ያዳግተኛል።

አሁን ወደ መስኮቱ እመለሳለሁ። ከናስ በፊት የነበረው ራፕ በአመዛኙ «እኔ» የሚል ጥበብ ነበር። ማይክራፎን የያዘው ሰው ስለ ራሱ ብርታት ይናገራል፤ ነገሩ ከፉከራና ከቀረርቶ ብዙ አይርቅም። ታሪክ የሚተርኩም ነበሩ፤ ስሊክ ሪክ በ1988 ባወጣው ሸክላው ተረት ነጋሪነትን ወደ ጥበብ ከፍ አድርጎታል። ናስ ያመጣው ለውጥ «እኔ» የሚለውን ቃል ሳይተው ባለቤቱን መለዋወጡ ነው። በኩዊንስብሪጅ መስኮት ላይ ቆሞ ሌላውን ሲያይ፥ ቀስ በቀስ ያየው ነገር ራሱ እንዲናገር ያደርገዋል። በ1996 በወጣው «ኢት ወዝ ሪትን» ላይ ያለው «አይ ጌቭ ዩ ፓወር» ለዚህ ዋናው ማስረጃ ነው። በዚህ ዘፈን «እኔ» የሚለው ሽጉጥ ነው። ሽጉጡ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉን፥ ሰው መግደል እንደ ሰለቸው ይናገራል፤ በመጨረሻም ባለቤቱ ሲስበው አልተኵስም ብሎ ይነክሳል። ባለቤቱ ይሞታል። ሽጉጡ መሬት ላይ ወድቆ አረፍሁ ሲል ሌላ እጅ ያነሣዋል።

እዚህ ላይ በሐቅ መነገር ያለበት ነገር አለ። ሐሳቡ የናስ ብቻ አይደለም። ኦርጋናይዝድ ኮንፊውዥን የተባሉት ሁለት የኩዊንስ ራፐሮች በ1994 «ስትሬይ ቡሌት» በተባለው ዘፈናቸው ጥይትን አናግረዋል። ስለዚህ ናስን «የመጀመሪያው» ብሎ የሚያወድሰው ሰው ይሳሳታል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የእነርሱ ጥይት ከወጣ በኋላ የሚሄድበትን ከመሄድ በቀር ፈቃድ የለውም፤ ድንቅነቱ በፍጥነቱ ነው። የናስ ሽጉጥ ጸጸት አለው፤ ነጻነት ግን የለውም። መግደልን ጠልቶ ለመግደል ተሠርቷል። ይህን ስንሰማ ስለ ብረት የተነገረው ሁሉ ያን መንደር ለቅቆ ለመውጣት ፈልጎ ስላልቻለው ወጣት መሆኑን ማንም ሳይነግረን እንረዳለን። በአንጻሩ በ2001 በወጣው «ስቲልማቲክ» ላይ ያለው «ሪዋይንድ»፥ ታሪኩን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው የሚተርከው፥ ብዙ አድናቂ ቢኖረውም እኔ የምወደው አይደለም። ጥይቱ ወደ አፈሙዙ ሲመለስ ሰሚው ይደነቃል፤ ከድንቁ በኋላ ግን በእጁ የሚቀርለት ነገር የለም።

የጄይ ዚን ወገኖች ክርክር በዚህ ረገድ ማየት ይጠቅማል። በ2001 ሁለቱ ሲጣሉ ጄይ ዚ «ቴክኦቨር» በተባለው ዘፈኑ ናስ በዐሥር ዓመት አንድ ጥሩ ሸክላ የሚያወጣ ሰው መሆኑን በመጥቀስ ዘለፈው። ናስ «ኢተር» በተባለው መልሱ ሰደበው፤ ሕዝቡም ናስ አሸነፈ አለ። ሁለቱ በ2005 ታረቁ። እኔ ግን «ኢተር»ን ለናስ ታላቅነት ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ስሕተት ይመስለኛል፤ ስድቡ ይሞቃል፥ አስተያየቱ ግን ከሰፈር ስድብ ብዙም አይበልጥም። የጄይ ዚ ነቀፌታ ከዘፈኑ ይልቅ እውነትነት ነበረው። ጄይ ዚ ቃላቱን በወረቀት ሳይጽፍ በአእምሮው የሚያሰናዳ፥ ንግግሩን ከተራ ጨዋታ ሳያርቅ ምት ላይ የሚያስቀምጥ ጌታ ነው፤ እንዲህ ያለ ቅለት ናስ ዘንድ አይገኝም። ነገር ግን ከ1996 ጀምሮ ባወጣቸው ሥራዎች ውስጥ የዋናው ታሪክ ባለቤት ማን እንደ ሆነ ብንጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ጄይ ዚ ራሱ ነው።

የናስን ጉድለት መሸፈን አልፈልግም። በ1999 ሁለት ሸክላ አወጣ። «አይ አም» የተባለው ባለ ሁለት ክፍል ሆኖ እንዲወጣ የታሰበ ነበር፤ ዘፈኖቹ ከመውጣታቸው በፊት በኢንተርኔት ተሰርቀው ስለ ተበተኑ ብዙዎቹ ተጣሉ። በቦታቸው «ናስትራዳመስ» የተባለው በጥድፊያ ተሠራ፤ ጥድፊያውም ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ይሰማል። ከተጣሉት አንዳንዶቹ በ2002 «ዘ ሎስት ቴፕስ» በተባለው ስብስብ ሲወጡ፥ ደህናው ውጭ ቀርቶ ደካማው ለገበያ መቅረቡ ታወቀ። የሙዚቃ ምርጫውም ለዓመታት ሲያስወቅሰው ኖሯል። ቃሉ እሳት ሆኖ ከበስተኋላ ያለው ሙዚቃ አመድ የሆነበት ዘፈን አንድና ሁለት አይደለም። ደጋፊዎቹ «ግጥሙን ስማ» ይላሉ፤ ራፕ ግን በወረቀት የሚነበብ ግጥም ስላልሆነ ይህን ምክንያት አልቀበልም።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጉድለት አለ። ናስ ያየውን ሲናገር ታማኝ ነው፤ ያነበበውን ወይም የሰማውን ሲያስተምር ግን ይሳሳታል። በ2002 በወጣው «ጎድስ ሰን» ላይ ያለው «አይ ካን» የቤትሆቨንን «ፉር ኤሊዘ» ይዞ ለልጆች የተዘፈነ ነው፤ ዓላማው ጥቁር ሕፃናት በራሳቸው እንዲኮሩ ነው፤ ማለፊያ ዓላማ ነው። ነገር ግን የአፍሪካን ታሪክ ሲያስተምር፥ ታላቁ እስክንድር ወደ ግብጽ ሄዶ ጥቁር ፊት ያላቸውን ሐውልቶች ባየ ጊዜ አፍንጫቸውን በተኩስ እንዳፈረሰ ይናገራል። እስክንድር የኖረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት ነው፤ ባሩድ በዚያ ዘመን አልነበረም። በቀላል ቀልድ ውስጥ ቢሆን ባለፍነው ነበር፤ ለሕፃናት እንደ ትምህርት ሲሰጥ ግን የሚታለፍ አይደለም። በኩራት ላይ የተመሠረተ ትምህርት መሠረቱ ሐሰት ሆኖ ሲገኝ የሚጎዳው ልጁን ነው። በ«ዋን ላቭ» የዐሥራ ሁለት ዓመቱን ልጅ በጥንቃቄ የመከረው ሰውና ይህ ሰው አንድ መሆናቸው ይገርማል።

ይኸው ድካም እኛን በቅርብ በሚነካን ሥራ ላይም ይታያል። በ2010 ከጃማይካዊው ዴሚያን ማርሊ ጋር «ዲስታንት ሬለቲቭስ»ን አወጣ። የመክፈቻው ዘፈን «አዝ ዊ ኤንተር» የተሠራው በሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ላይ ነው። ሙላቱ ኢትዮጵያዊውን ቅኝት ከጃዝ ጋር ለማዋሐድ በአሜሪካ የደከሙ ሰው ናቸው፤ ያ ድካም ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ በኩዊንስብሪጅ ልጅ አፍ ሥር መሰማቱ የሚያስደስት ነው። ናስና ማርሊ በዚያ ዜማ ላይ ቃል እየተቀባበሉ ሲሄዱ እንደ ሁለት ጎበዝ ኳስ ተጫዋቾች ናቸው፤ ዘፈኑ ምንም እንከን አይወጣለትም። ሆኖም የሸክላው ቀሪ ክፍል ስለ አፍሪካ ረኃብ፥ ስለ ጦርነት፥ ስለ ጥንታዊ ጥበብ ሲናገር ሁሉም ነገር ከሩቅ የታየ ነው። አንድ መንደር፥ አንድ መግቢያ፥ አንድ ስሙ የሚታወቅ ልጅ አይገኝበትም። የኩዊንስብሪጅ መስኮት ወደ አፍሪካ አያሳይም። ከክፍላችን አንዱ «ስለ እኛ ስለ ዘፈነልን ልናመሰግነው ይገባል» ብሎኛል። ማመስገኑን አልቃወምም፤ ትችት ግን የምስጋና ደብዳቤ አይደለም።

ጄይ ዚን ካለፍን፥ በእኔ መስፈሪያ እውነተኛው ተፎካካሪ ራኪም ነው። በ1987 ከኤሪክ ቢ ጋር «ፔይድ ኢን ፉል»ን ሲያወጣ የራፕን አፍ ለወጠው። ከእርሱ በፊት ቤት የሚመታው በስንኝ መጨረሻ ነበር፤ ድምፁም ጩኸት ነበር። ሳክስፎን መጫወት የተማረው ራኪም በዝግታ ተናገረ፤ ቤቱን በስንኙ መካከል አስገባው፤ ሐሳቡንም ከአንዱ ስንኝ ወደ ሌላው እንደ ጃዝ ዜማ አሻገረው። ናስ ራሱ ባለዕዳ መሆኑን አልደበቀም፤ በ2004 በ«ስትሪትስ ዲሳይፕል» ላይ የራኪምን የሕይወት ታሪክ የሚተርክ ሙሉ ዘፈን አስገብቷል። እንግዲህ ባለዕዳው ከአበዳሪው ሊበልጥ ይችላልን? ሊበልጥ ይችላል እላለሁ፤ ምክንያቱም ራኪም አዲሱን አነጋገር ፈጥሮ በአብዛኛው የተናገረበት ስለ አነጋገሩ ብልጫ ነው። ናስ ያንን አነጋገር ተውሶ ስለ ሌላ ሰው ተናገረበት። ከናስ በኋላ የመጡትም የተከተሉት በዚህ በር ነው። በ2018 የፑሊትዘርን ሽልማት ያገኘው ኬንድሪክ ላማር በ2012 ባወጣው «ሲንግ አባውት ሚ» በተባለው ረጅም ዘፈኑ የሟች ወዳጁንና የአንዲትን ሟች እኅት አንደበት ተውሶ ሲናገር «ዋን ላቭ»ንና «አይ ጌቭ ዩ ፓወር»ን ያልሰማ ሰው ሊሠራው ይችል ነበር ለማለት ይከብደኛል። ኬንድሪክ አንድ ቀን ናስን ይበልጠው ይሆናል፤ ገና በመንገድ ላይ ያለን ሰው ግን «የዘመናት ሁሉ» ማለት መቸኰል ነው።

የቀረው የዕድሜ ጉዳይ ነው፤ በዚያ ምሽት የሣቀው ጓደኛዬም እኔም የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። ራፕ የወጣቶች ጥበብ ነው ይባላል፤ ጥበቡ ራሱ ወጣት ስለ ነበር ሽማግሌ ራፐር ምን እንደሚመስል ማንም አያውቅም ነበር። በ2012 ናስ «ላይፍ ኢዝ ጉድ»ን ሲያወጣ በሽፋኑ ላይ የፈታችውን ሚስቱን የሠርግ ቀሚስ በጭኑ ይዞ ተቀምጧል። በውስጡ ያለው «ዶውተርስ» አባትነቱን እንዳልተወጣ፥ በወጣትነቱ ሴቶችን የተመለከተበት ዐይን አሁን በገዛ ልጁ ላይ ሲመለስ እንዳስደነገጠው ይናገራል። መስኮቱ ወደ ውስጥ ዞረ ማለት ነው። ከ2020 እስከ 2023 ደግሞ ከእርሱ ብዙ ከሚያንሰው አቀናባሪ ከሂት ቦይ ጋር ሦስት «ኪንግስ ዲዚዝ» እና ሦስት «ማጂክ» በድምሩ ስድስት ሸክላ አወጣ። የመጨረሻው የወጣው በሴፕቴምበር 14 ቀን 2023፥ ሃምሳ ዓመት በሞላው ዕለት ነው። ስለ ሙዚቃ ምርጫው የነበረው የድሮ ወቀሳ በእነዚህ ሥራዎች ብዙ ቀንሷል።

ስድስቱንም ሰማኋቸው። ስለ ገንዘቡና ስለ ክብሩ የሚናገርባቸው ዘፈኖች ከሚገባው በላይ ናቸው፤ ሀብታም ሰው ስለ ሀብቱ ሲያወራ መስማት በየትም አገር ያሰለቻል። ነገር ግን በ2022 በወጣው ሦስተኛው «ኪንግስ ዲዚዝ» ላይ «ቢፍ» የሚል ዘፈን አለ። በዚህ ዘፈን «እኔ» የሚለው ጠብ ራሱ ነው። ጠብ በወንድማማቾች መካከል እንዴት እንደሚገባ፥ ስንቱን መቃብር እንዳስቆፈረ በራሱ አንደበት ይናገራል። በ22 ዓመቱ ሽጉጥን ያናገረው ሰው በ49 ዓመቱ ሽጉጡን የሚያስመዝዘውን ነገር አናገረ። ይህን ስሰማ ያን ምሽት የተናገርሁትን መልሼ ለመዋጥ ተገደድሁ። «አንድ ሸክላ ብቻ» ያልነው ሰው፥ በሃያ ዓመቱ የያዘውን ዘዴ በየዕድሜው ወደ ሌላ ነገር እያዞረ ሠላሳ ዓመት ሠርቶበታል። «ኢልማቲክ» ብቻውን ቢሆን ኖሮ ማዕርጉን እነፍገው ነበር፤ አንድ አስደናቂ መጽሐፍ የጻፈ ወጣት ብዬ አልፈው ነበር። በመላ ሥራው ላይ ስፈርድ ግን ከራኪምም ከጄይ ዚም አስቀድመዋለሁ።

ጓደኛዬ አሁንም አይስማማም። ባለፈው ሳምንት «ናስትራዳመስ»ን እንድናዳምጥ ጠይቆኝ፥ ሦስተኛው ዘፈን ሳያልቅ ራሴ አጠፋሁት።